የማትስ ወርክ አውት ስታርሙ የልጆች ማርክ እንዳይበላ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ

ሰላም ናችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ በተለይ ገና አንድ ሁለት ዓመት ያስተማራችሁ የማትስ መምህራን፣ ይሄን ለናንተ ብዬ ነው የምጽፈው። ፋይናል ደረሰ፣ ከሳምንት በኋላ እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ 200 እና 300 ፔፐር ይከመራል፣ ሮስተሩ ደግሞ በ4 ቀን ይግባ ይባላል። ምርጫው ችግር የለውም፣ ኤ ነው ወይ ቢ ነው፣ አለቀ። ጣጣው ወርክ አውቱ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ማትሪክ ምርጫ ሆኖ በማሽን ስለሚታረም ልጁ አስቦ፣ ሀሳቡን ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ሰው አንብቦለት ማርክ የሚያገኘው እኛ ጋ ብቻ ነው፣ እኛ ካላነበብንለት ማንም አያነብለትም።

ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። 11ኛ ክፍል እያለሁ አንድ ባለ 8 ማርክ ጥያቄ ላይ ቁጥሩን ከጥያቄው ስገለብጥ 6ቱን 9 ብዬ ጻፍኩት፣ ከዛ በኋላ ያለውን አንድ ገጽ ሙሉ ምንም ሳልሳሳት ሰራሁ፣ የተሰጠኝ ዜሮ ነው። ገጹ ላይ ከላይ እስከታች አንድ ትልቅ ቀይ ኤክስ። ከዛ ደግሞ አስተማሪ ሆኜ በሁለተኛው ዓመቴ እኔው ራሴ በሌላ ልጅ ላይ ደገምኩት። ጥያቄው ኤክስ² − 6ኤክስ + 7 = 0 ነበር፣ እኔ በፎርሙላ ሰርቼ አንሰር ኪው ላይ 4.41 እና 1.59 ብዬ አስቀምጫለሁ፣ ልጅቷ ስኩዌሩን ኮምፕሊት አድርጋ በሶስት መስመር 3 ± √2 ብላ ጨርሳለች፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ደክሞኛል፣ መልሱ ከኪው ጋር አልመሳሰል ሲለኝ ከ5 ዜሮ ብዬ ወደሚቀጥለው ፔፐር አለፍኩ። በነጋታው መጥታ "ቲቸር እዚ ጋ ያጠፋሁት ምንድነው?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። 3 ± √2 እኮ ከኔ መልስ ይበልጣል፣ እሱ ትክክለኛው ነው፣ የኔ ግምት ነው። ማርኳን አስተካከልኩ፣ ግን ያን ቀን የመጣችው እሷ ብቻ ናት፣ ያልመጡት ስንት እንደሆኑ አላውቅም።

ማትስ እኮ ልክ ወይም ስህተት ነው፣ ምን አከራካሪ ነገር አለው የሚል ሰው ካለ ይሄን ይስማ። በ1913 በአሜሪካ ስታርች እና ኤሊየት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ተማሪ የጂኦሜትሪ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከ100 በላይ ለሆኑ የሂሳብ መምህራን ላኩት፣ እስቲ አርሙልን ብለው። ያው አንድ ወረቀት ነው፣ አንዱ መምህር ከ30 በታች ሰጠው፣ ሌላው ከ90 በላይ። ልጁ አንድ ነው፣ ጂኦሜትሪውም አንድ ነው፣ የተለያየው አራሚው ነው። አንዱ ንጽህና ይቀንሳል፣ አንዱ የመጨረሻ መልስ ብቻ ያያል፣ አንዱ ደግሞ ስቴፕ ይቆጥራል። ስለዚ ዋናው ስራ አራሚው በመንገድ ላይ የሚወስነውን ነገር መቀነስ ነው፣ ውሳኔው ሁሉ የማንንም ልጅ ፔፐር ሳናይ በፊት ማለቅ አለበት።

እንዴት ነው የሚያልቀው? ከፈተና አወጣጡ ይጀምራል። ጥያቄውን ስትጽፉ ያኔውኑ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ስሩት፣ በአእምሮ ሳይሆን በወረቀት፣ እንደ ተማሪ እያንዳንዷን መስመር እየጻፋችሁ። ከዛ ማርኩን የምትሰጡበትን መስመር ምልክት አድርጉ። ባለ 5 ማርክ ጥያቄ ካላችሁ 5 ቦታ ማሳየት መቻል አለባችሁ፣ ካልቻላችሁ 5 አይገባውም ወይም ጥያቄው ተከፋፍሎ ሀ፣ ለ፣ ሐ መባል አለበት። ማርኩ ጥያቄው አጠገብ ይታተም፣ ልጁ 2 ማርክ ነው ወይስ 8 የሚለውን አይቶ ጊዜውን ይመድብ። በሌላ መንገድ ሊሰራ የሚችል ከሆነም ሁለተኛውን መንገድ ኪው ላይ ጻፉት። ለምሳሌ የ−ኤክስ² + 6ኤክስ + 1 ትልቁን ቫልዩ ፈልግ ስትሉ አንዱ ዴሪቬቲቭ ወስዶ ኤክስ = 3 ይልና 10 ያገኛል፣ ሌላው ቨርቴክሱን በ−ቢ/2ኤ ያገኛል፣ ሶስተኛው 10 − (ኤክስ − 3)² ብሎ ጽፎ ትልቁ 10 እንደሆነ በአንድ መስመር ያሳያል። ሶስቱም ሙሉ ማርክ ነው። ዴሪቬቲቭ መቻሉን ማየት ከፈለጋችሁ "ዴሪቬቲቭ ተጠቅመህ" የሚለውን ጥያቄው ላይ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ በኋላ "እኔ ያስተማርኩት በዚህ አይደለም" ብሎ መቀነስ አይቻልም።

አሁን ወደ ማርክ አከፋፈሉ። የእንግሊዝ የፈተና ቦርዶች የሚጠቀሙበት አንድ አሰራር አለ፣ እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ሌላ አልተጠቀምኩም። ማርኩን በሶስት አይነት ነው የሚከፍሉት። ኤም የሚሉት ለመንገዱ ነው፣ ማለትም ልጁ ትክክለኛውን ዘዴ መርጦ ለዚህ ጥያቄ በተግባር ከተጠቀመበት። ኤ የሚሉት ለትክክለኛ ውጤት ነው፣ እና ኤ ያለ ኤም አይሰጥም፣ መንገዱ ስህተት ከሆነ በአጋጣሚ የመጣ ቁጥር ማርክ የለውም። ቢ የሚሉት ደግሞ ብቻውን የሚቆም ነው፣ አንድ ነገር ካወቀ ያገኛል፣ ለምሳሌ የግራፉን ዋይ-ኢንተርሴፕት ማንበብ። እኔ በአማርኛ ፊደል ቀይሬዋለሁ፣ ለዘዴ "ዘ"፣ ለልክ ውጤት "ል"፣ ብቻውን ለሚቆመው "ብ"። ፔፐሩ ላይ ራይት የማደርገው ማርኩ የተገኘበት መስመር አጠገብ ነው እንጂ ገጹ መጨረሻ ላይ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ዘ1 ወይም ል1 እጽፋለሁ፣ ልጁ ፔፐሩ ሲመለስለት ምን እንዳገኘ እና የት እንዳጣ እኔን ሳይጠይቀኝ ያየዋል።

በምሳሌ እንየው፣ ምክንያቱም በወሬ ቀላል ይመስላል። ሎግ₂ ኤክስ + ሎግ₂ (ኤክስ − 2) = 3፣ ኤክስን ፈልግ፣ 5 ማርክ። የኔ አከፋፈል እንዲህ ነው፣ ሁለቱን ሎግ በማባዛት ህግ አንድ ማድረግ ዘ1፣ ከሎግ ወደ ኤክስፖነንት መቀየር ማለትም ኤክስ(ኤክስ − 2) = 2³ ማለት ዘ1፣ የመጣውን ኳድራቲክ ኤክስ² − 2ኤክስ − 8 = 0 በማንኛውም ትክክለኛ መንገድ መፍታት ዘ1፣ 4 እና −2 ማግኘት ል1፣ ከዛ −2 ሎግ ውስጥ አይገባም ብሎ ጥሎ 4 ብቻ ማስቀረት ል1።

አሁን አራት ልጆች አስቡ። የመጀመሪያው ሁሉንም ሰርቶ ሁለቱንም 4 እና −2 መልስ ናቸው አለ፣ 4 ማርክ፣ የቀረው አንዱ ነው፣ ሌላ ምንም አይነካም። ሁለተኛዋ 2³ን 6 ብላ ሰራች፣ ኤክስ² − 2ኤክስ − 6 = 0 መጣላት፣ በፎርሙላ 1 ± √7 አገኘች፣ ኔጌቲቩን 1 − √7 በትክክል ጣለች። እሷ የሎግ ህጉን ታውቃለች፣ መቀየሩን ታውቃለች፣ ኳድራቲክ ትፈታለች፣ ዶሜይን ታውቃለች፣ የማታውቀው አንድ ነገር ቢኖር 2³ን ነው ወይም ተቻኩላለች። ሶስቱንም ዘ ታገኛለች፣ የ4 እና −2ቱን ል ታጣለች፣ የመጨረሻውን ግን በራሷ ቁጥር በትክክል ስለጣለች እሰጣታለሁ፣ 4 ከ5። ይሄ ነው ስህተትን መከተል የሚባለው፣ እንግሊዞቹ ፎሎው ስሩ ይሉታል፣ አንድ ስህተት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀጣው። ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ እሷ ካሳሳተችው መስመር ጀምሮ በሷ ቁጥር አብራችኋት መስራት አለባችሁ፣ አዎ ጊዜ ይፈጃል፣ የማረም ስራ ማለት ግን ይሄ ነው።

ሶስተኛው ልጅ ሎግ₂ (ኤክስ + ኤክስ − 2) = 3 አለ፣ ሎጎቹ ውስጥ ያሉትን ሳያባዛ ደመራቸው፣ ከዛ 2ኤክስ − 2 = 8፣ ኤክስ = 5። እዚ ጋ ብዙ ሰው "ስህተቱን ተከትዬ" ብሎ 4 ይሰጣል፣ እኔ አልስማማም። የሰራው ስህተት ጥያቄውን አቀለለው፣ ኳድራቲኩ ጠፋ፣ የሚጣል ሩትም ጠፋ፣ ስለዚ ያልሰራውን ስራ ማርክ ልሰጠው አልችልም። ወደ ኤክስፖነንት በትክክል ስለቀየረ ዘ1 ያገኛል፣ 1 ከ5። ከሁለተኛዋ ልጅ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ፣ ሁለቱም አንድ አንድ ቦታ ብቻ ነው የተሳሳቱት፣ ግን እሷ ከስህተቷ በኋላ ያንኑ ያህል ከባድ ስራ ሰርታለች፣ እሱ አልሰራም። ተማሪ ሲጠይቃችሁም እንዲሁ ነው የምታስረዱት።

አራተኛው ምንም ሳይጽፍ "ኤክስ = 4" ብቻ አለ። ይሄ በየስታፍ ሩሙ የሚያጣላን ጉዳይ ነው። 4ን ሲተካው 2 + 1 = 3፣ ልክ ነው፣ ምናልባት ሞክሮ ነው ያገኘው፣ ምናልባት ከጎኑ ነው። የኔ አቋም ውሳኔው ፈተናው ፊት ገጽ ላይ መጻፍ አለበት የሚል ነው። "ስቴፕ ያልታየበት መልስ ሙሉ ማርክ አያገኝም" ብላችሁ ካሳተማችሁ 1 ስጡና እለፉ፣ ምንም ካላላችሁ ግን ልጁን ኮርጀሃል ብላችሁ በጥርጣሬ መቅጣት አትችሉም፣ ኩረጃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ፈታኙ ነው ክፍል ውስጥ የሚይዘው እንጂ አራሚ በማርክ የሚበቀለው አይደለም።

ቁጥር በስህተት መገልበጥ ላይ ደግሞ፣ የኔ የ11ኛ ክፍሉ ጉዳይ ማለት ነው፣ የኔ ህግ ቀላል ነው፣ የገለበጠው ቁጥር ጥያቄውን ካላቀለለው በራሱ ቁጥር እስከመጨረሻው እከተለውና ከጠቅላላው 1 እቀንሳለሁ፣ አንድ ጊዜ። ያኔ 8ቱ 7 ይሆን ነበር።

ተቃራኒውም አለ፣ መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ ስህተት የሆነ። 16/64 ላይ ከላይም ከታችም 6ቱን ሰርዞ 1/4 የሚል ልጅ መልሱ ልክ ነው፣ ማርክ ግን የለውም፣ ያው ልጅ ነገ 13/34 ላይ 3ቱን ሰርዞ 1/4 ይላል። ኤክስ² = 5ኤክስ ሲሰጠው በኤክስ አካፍሎ ኤክስ = 5 ብቻ የሚለውም እንደዛው፣ 5 ልክ ቢሆንም ዜሮን ያጠፋው መንገዱ ራሱ ስለሆነ የዘዴው ማርክ ይቀነሳል። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን "አሳይ" የሚለው ጥያቄ ነው። ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 የሆነ ትሪያንግል ስፋቱ 84 እንደሆነ አሳይ ብላችሁ ከሆነ መልሱን እናንተው ሰጥታችሁታል፣ 84 ብሎ ለመጻፍ ማርክ የለም። በሄሮን ፎርሙላ የፔሪሜትሩ ግማሽ 21፣ ከዛ √(21 × 8 × 7 × 6)፣ ከዛ √7056፣ ከዛ 84። አንድ ልጅ 6ቱን 5 ብሎ ጽፎ ቀጥሎ = 84 ካለ ያ እኩል ነው የሚለው ምልክት ውሸት ነው፣ √5880 84 አይሆንም፣ ወደ 76.7 ነው። እንደዚህ አይነት ላይ ዓይናችሁ ወደ መጨረሻው መልስ ሮጦ ራይት እንዳያደርግ፣ መስመር በመስመር ነው የሚነበበው።

አፕሮክሲሜሽን ላይ ብዙ አታካብዱ። ራዲየሱ 7 የሆነ ሰርክል ስፋት በ22/7 ሲሰራ 154፣ በ3.14 ሲሰራ 153.86፣ ካልኩሌተሩ ደግሞ 153.94 ይላል፣ 49π ብሎ የተወውም አለ፣ ጥያቄው ካልገደበ በቀር ሁሉም ልክ ነው። ኪው ላይ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ። ዩኒት የረሳ ልጅ ደግሞ በሙሉ ፔፐሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀጣ። እንግሊዝኛውንም ተዉለት፣ ከ9ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ ወርድ ፕሮብሌም ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሊሰባበርበት ይችላል፣ እኛ ግራመር አይደለም የምናርመው፣ ምን ማለት እንደፈለገ ከገባችሁ በቂ ነው።

ልጁ ሁለት ጊዜ ሰርቶ አንዱን ከሰረዘ ያልተሰረዘውን ነው የማርመው፣ ሰርዞ ምንም ካልተካ ግን የሰረዘውን አነባለሁ፣ እስከተነበበ ድረስ፣ ተጨንቆ የሰረዘው ትክክለኛ ስራ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ሁለቱንም ካልሰረዘ የመጨረሻውን ብቻ አርማለሁ፣ ይሄንን ከፈተናው በፊት እነግራቸዋለሁ፣ ሁለት መልስ ጽፎ "ቲቸር የፈለግከውን ምረጥ" አይቻልም።

እሺ፣ አሁን ፔፐሩ ፊታችሁ ተከምሯል። መጀመሪያ ስም አትዩ። እኛ ሰው ነን፣ ጎበዟ ልጅ ስትሳሳት "ተቻኩላ ነው" እንላለን፣ የሚረብሸው ልጅ ያንኑ ሲሳሳት "አይገባውም" እንላለን፣ ይሄን ማንም አስቦ አያደርገውም ግን ይደረጋል። እኔ የፊት ገጹን ወደ ኋላ አጥፌ ነው የማርመው፣ ከተቻለ ደግሞ የሌላ ሴክሽን ፔፐር ከባልደረባ ጋር ተለዋወጡ። ሁለተኛ፣ አንድን ልጅ ከጥያቄ 1 እስከ መጨረሻው አርማችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ፣ ጥያቄ 1ን የሁሉንም ልጅ አርሙ፣ ፔፐሩን በውዙት፣ ከዛ ጥያቄ 2ን የሁሉንም። ይሄን ያላደረገ ሰው ፍጥነቱን አያውቀውም፣ አከፋፈሉ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኪ ማየት ራሱ ታቆማላችሁ፣ ዋናው ግን ጥያቄ 1 ላይ ያበላሸ ልጅ ጥያቄ 2 ላይ በመጥፎ ዓይን አይታይም፣ ከጎበዝ ልጅ ቀጥሎ የመጣ መካከለኛም እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ተራው ስለሚቀያየር ሁሌ አይጎዳም።

መጀመሪያ ላይ 10 ፔፐር በእርሳስ አርሙ። ኪው ላይ ያላሰባችሁት ነገር የሚመጣው እዚ ጋ ነው፣ አራት ልጅ አንድ አይነት ያልጠበቃችሁት ስቴፕ ይሰራል፣ ወይም ጥያቄው በሁለት መንገድ ይነበባል። ያኔ ወስኑ፣ ውሳኔውን ኪው ላይ ጻፉት፣ እነዛን 10 ደግሞ መልሳችሁ አርሙ። ከዛ በኋላ መሀል ላይ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር እንደዛው፣ ጻፉት፣ ያለፈውን መልሳችሁ እዩ። አንድን ጥያቄ ስትጨርሱም የመጀመሪያዎቹን 5 እና የመጨረሻዎቹን 5 ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ሲደክመን ወይ እንከርራለን ወይ እንለቃለን፣ እኔ ሁሌ መጨረሻ ላይ እከርራለሁ፣ ለዛ ነው ከ3 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ የማላርመው። ቡና ጠጡ፣ ተነሱ፣ ተመለሱ።

ድምሩን ሌላ ሰው ይደምርላችሁ። በሰላም የታረመ ፔፐር ድምር ላይ 34 የነበረው 43 ሆኖ ሮስተር ላይ ሲገባ ወይም ጀርባ ላይ ያለው ገጽ ሳይታይ ሲታለፍ አይቻለሁ። ባዶ ገጽም ቢሆን እንዳያችሁት በቀይ አንድ መስመር አስምሩበት።

48 እና 49 ላይ የቆሙትን በተመለከተ፣ ልጅ መጥቶ "ቲቸር 1 ማርክ ብቻ" ሲል ልባችን ይራራል፣ ግን ለለመነ ሰጥቶ ላልለመነ መከልከል ትልቁ በደል ነው፣ ዓይን አፋሯ ልጅ መቼም አትመጣም። እኔ ስም ሳልገልጥ ከ47 እስከ 49 ያሉትን ሁሉ ለይቼ ሁለተኛ አርማቸዋለሁ፣ ያገኘ ያገኛል፣ ያላገኘ በኪው ነው ያላገኘው፣ ከዛ በኋላ በር ላይ የሚጨመር ማርክ የለም።

ቅሬታ ሲመጣ ደግሞ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሎምፒያድ ላይ እንኳን፣ 6 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ 7 ነጥብ፣ ጠቅላላ 42፣ የየአገሩ ቡድን መሪዎች ከአራሚዎቹ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብለው የልጃቸውን ወረቀት መስመር በመስመር ተከራክረው ነው ነጥቡ የሚጸድቀው። የኛ ልጅ መሪ የለውም፣ ራሱ ነው የሚከራከረው፣ ስለዚ ፔፐሩን ስትመልሱ አንድ ሙሉ ፔሬድ ስጡት፣ ኪውን ቦርድ ላይ ከነማርክ አከፋፈሉ ጻፉት፣ የቅሬታ ጊዜ 2 ቀን በሉ። ልጁ የትኛው መስመር እና የትኛው ማርክ እንደሆነ ጽፎ ያምጣ። እና እባካችሁ፣ አንድ ልጅ ትክክል ሆኖ ኪው ከተሳሳተ ማርኩ የሚስተካከለው ለሱ ብቻ አይደለም፣ ፔፐሮቹን ሰብስባችሁ ያንን ጥያቄ የሁሉንም ሴክሽን እንደገና ማየት አለባችሁ፣ ሌላ መምህር የሚያስተምራቸውም ሴክሽኖች ካሉ ንገሩት። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አንድ ዘ1 እንደሚገባት አሳየችኝ፣ ስፈትሽ 11 ልጅ ነው ያው ማርክ የጎደለው፣ ከነሱ ውስጥ 9ኙ ምንም አላሉም ነበር።

ሁሉም ሲያልቅ ያቺን የተሰረዘች የተደለዘች ኪ እንዳትጥሏት። እኔ በክፍል ደረጃ ከፋፍዬ በክላሰር አስቀምጣለሁ፣ ተማሪዎች ያመጡትን ያልታሰበ መንገድ ሁሉ ጎኑ ላይ ጽፌ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ፈተና ሳወጣ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ለማንኛውም የሎጉን ጥያቄ ሙሉ አከፋፈል በእጅ ጽፌ ለዲፓርትመንታችን ሰጥቻለሁ፣ እናንተም ከፋይናሉ በፊት በየዲፓርትመንታችሁ አንድ ጥያቄ መርጣችሁ ያንኑ 5 ፔፐር ለየብቻ አርማችሁ ማርካችሁን አስተያዩት፣ አንድ ሰዓት ነው የሚወስደው።